አጠረለት፣ አጠረበት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«መምህር፣ የምጽፍልዎ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ አካባቢ ነው። እናቴ ስትሮክ መትቷት አልጋ ላይ ከዋለች 6 ዓመት ሆናት። አምስት ልጆች ነን። አራቱ አዲስ አበባና ውጭ አገር ናቸው። ያላገባሁት እኔ ስለሆንኩ ሥራዬን ትቼ የማስታምማት እኔ ነኝ። ጻድቃኔ ማርያም ሁለት ጊዜ ወስደን አስጠምቀናታል። የመጣ ሰው ሁሉ ‹የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥሽ› ብሎኝ ይሄዳል። እስቲ ብዬ መጽሐፈ ኢዮብን ብከፍት ምዕራፍ 3 ላይ እግዚአብሔር ያጠረበት ሰው የሚል አገኘሁ። ይሄማ እኔ ነኝ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ማንበብም መጸለይም ፈራሁ። እንዲህ ማሰቤ ክህደት ነው? መውጫ ለሌለው ሰው መጽሐፍ ቅዱስ ምን አለው? አንዳንዴ ተኝቼ ባልነቃ እላለሁ።»

ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገርሽ ልነሳ። «ባልነቃ» ማለት በመጽሐፉ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። ሙሴ «ግደለኝ» ብሏል። ኤልያስ «ነፍሴን ውሰድ» ብሏል። ዮናስም ኢዮብም ሞትን ለምነዋል። ከአራቱ በአንዱም ላይ «ካደ» ተብሎ አልተጻፈበትም። ስለዚህ ክህደት አይደለም። እንዲህ ስልሽ ግን ችላ በይው ማለቴ አይደለም። ሐሳቡ የሚመላለስብሽ ከሆነ፣ ወይም እንዴት እንደምታደርጊው ማሰብ ከጀመርሽ፣ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁሚና ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሪ። ለብቻሽ አትደሪ። ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄደሽ «መኖር አስጠልቶኛል» በያቸው፤ ቃሉን ሳታለሳልሺ። የአእምሮ ሕክምና ልብሱን ጥሎ ለሚሮጥ ሰው ብቻ የተሠራ አይደለም። ለዓመታት ሲያስታምም የኖረ ሰው ራሱ ይታመማል። ይህ ደግሞ በሐኪም የሚታይ ነገር ነው።

አሁን ወደ ኢዮብ። «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥሽ» የሚሉሽ ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ ሐዋርያው ያዕቆብም የኢዮብን ትዕግሥት አንሥቷል። ችግሩ ብዙ ሰው ከመጽሐፉ የሚያውቀው የመጀመሪያዎቹን 2 ምዕራፎች መሆኑ ነው። መጽሐፉ 42 ምዕራፍ አለው። «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» ያለው ኢዮብ ምዕራፍ 1 ላይ ነው። ምዕራፍ 3 ላይ የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ከዚያ እስከ ምዕራፍ 31 ድረስ ይጮኻል፣ ይከራከራል፣ ከእግዚአብሔር ጋር ዳኛ ፊት መቆም ያምረዋል። እንግዲህ ትዕግሥቱ ይህ ነው። ጩኸቱን ሁሉ ወደዚያው ወደ እግዚአብሔር ነው የሚጮኸው፤ ሌላ ደጅ አልሄደም።

መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር ማንን እንደተቆጣ አይተሻል? የተቆጣው ሊያጽናኑ የመጡትን ሦስቱን ወዳጆች ነው። እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር ስለ እኔ አልተናገራችሁም ብሏቸዋል (42፥7)። ሰዎቹ ሲመጡ ጥሩ ነበሩ። 7 ቀንና 7 ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ዝም ብለው ተቀምጠዋል። እንዲህ ያለ ለቅሶ ደራሽ ከየት ይገኛል? ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። «ጅማሬህ ታናሽ ቢሆንም ፍጻሜህ እጅግ ይበዛል» የሚለውን ጥቅስ የማያውቅ የለም። ሚኒባስ ላይ አለ፣ ሱቅ ግድግዳ ላይ አለ፣ የምርቃት ካርድ ላይ አለ። የተናገረው ከሦስቱ ወዳጆች አንዱ፣ በልዳዶስ ነው፤ ኢዮብ 8፥7። ሦስት ቁጥር ከፍ ብለሽ ብታነቢ ይኸው ሰውዬ ልጆቹን ለቀበረው አባት ልጆችህ የሞቱት በኃጢአታቸው ነው ብሎታል። ስለዚህ ከመጽሐፈ ኢዮብ አንድ ጥቅስ ከማንሳትሽ በፊት የሚናገረው ማን እንደሆነ እዪ። «አንድ ነገር ቢኖርባቸው ነው እንጂ» የሚል ጎረቤት ካለሽም ከበልዳዶስ ጎን አስቀምጪው። ጌታ ራሱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠየቅ እሱም ወላጆቹም ኃጢአት አልሠሩም ብሎ መልሷል (ዮሐንስ 9፥3)።

ያስፈራሽ ቁጥር 3፥23 ነው። ብቻውን ካነበብሽው ያስፈራል። ከሌሎች ሁለት ቁጥሮች ጋር ነው መነበብ ያለበት።

የመጀመሪያው 1፥10 ነው። ሰይጣን እግዚአብሔርን ይከሰዋል፤ ኢዮብንና ቤቱን ዙሪያውን አጥረህለት የለም ወይ፣ ታዲያ የሚፈራህ በከንቱ ነው ወይ ይላል። አጥሩ እዚህ ላይ በረከት ነው። ሁለት ምዕራፍ አልፎ ኢዮብ ስለዚያው ዓይነት አጥር ያለቅሳል። በአማርኛ ልዩነቱ ያለው በአንዲት ፊደል ላይ ነው፦ አጠረለት፣ አጠረበት። በዕብራይስጡም የሁለቱ ቦታ ግሶች በድምፅ ይቀራረባሉ፤ ጸሐፊው ሆን ብሎ ያደረገው ይመስለኛል።

እኔም ያደግሁት እዚያው መንዝ ነው። ድንጋይ ሞልቷል፣ ዛፍ የለም፣ ስለዚህ አጥራችን ካብ ነው። አባቴ ካብ ሲክብ አንዱን ድንጋይ አንስቶ ያገላብጠዋል፣ ካልገጠመለት ይጥለዋል፣ ሌላ ያነሳል። ጭቃ የለው፣ ምን የለው። ማታ በጎቹን አስገብተን በሩን በእሾህ እንዘጋለን። ለበጓ አጥሩ ያው አንድ ነው። ጧት ሣሩን እያየች ስትራብ እስር ቤቷ ነው። ሌሊት ጅብ ሲጮህ ቤቷ ነው።

ይህን ምሳሌ ይዘው «መከራሽ ጥበቃሽ ነው፣ አልገባሽም እንጂ» የሚሉ ሰባኪዎች አሉ። እኔ አልደፍርም። መጽሐፈ ኢዮብም አላለውም። ኢዮብ ልጆቹን የቀበረ ሰው ነው። አጥሩ የጅብ መከላከያ ነበር የሚለው የለም። እናትሽ አልጋ ላይ የዋለችው አንቺን ለማስተማር ነው የሚልሽ ሰው ከመጣ እሱም ማንበብ የሚቀረው አለ። ኢዮብ ራሱ በሰማይ ስለተደረገው ክርክር እስከ መጨረሻው አልተነገረውም። ለምን እናቴ፣ ለምን እኔ ለሚለው ጥያቄሽ ከእኔ መልስ አትጠብቂ። ከመጽሐፉም ያንን ዓይነት መልስ አታገኚም።

ሁለተኛው ቁጥር 38፥8 ነው፤ እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሲመልስ። ምዕራፍ 3 ላይ ኢዮብ «አጠረበት» ያለበት የዕብራይስጥ ግስ እዚህ ላይ እንዳለ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ የሚታጠረው ግን ባሕሩ ነው። ባሕር በዚያ ዘመን ሰው አእምሮ ጥፋት ነው፤ ልክ የሌለው፣ ሁሉን የሚውጥ ነገር። እግዚአብሔር በር አበጀሁለት፣ እስከዚህ ድረስ ትደርሳለህ ከዚህ አታልፍም አልኩት ይላል። ልብ በይ፣ ባሕሩን አደረቅሁት አላለም። ደግሞ 38፥9ን እዪው፤ ባሕሩን በደመና ጠቀለልኩት ይላል፣ ሕፃን በጨርቅ እንደሚጠቀለል። እኔ እንደማነበው መልሱ ይህ ነው። አንቺን የሚያጥርሽ መከራ እሱም የታጠረ ነው። ወሰን አለው። ትንሽ መልስ ነው ልትዪኝ ትችያለሽ። ኢዮብ ግን በዚህ ዝም ብሏል።

ሰቆቃወ ኤርምያስ ምዕራፍ 3ም የአንቺ ነው። እንዳልወጣ ቅጥር ሠራብኝ፣ መንገዴን በተጠረበ ድንጋይ ዘጋ ይላል (3፥7 እና 9)። ካብ ቢሆን ያፈርሱታል፤ የተጠረበ ድንጋይ ነው ያለው። ሰው የሚጠቅሰው ምሕረቱ በየማለዳው አዲስ ነው የሚለውን 3፥22 እና 23ን ብቻ ነው። ወደዚያ ለመድረስ 20 ቁጥር ሙሉ ታልቅሷል። አንቺ ገና 9ኛው ላይ ብትሆኚ ማንም ሊቸኩልብሽ አይገባም።

ጸሎት ፈራሁ ላልሽው ዳዊት አለልሽ። መዝሙር 87ን አውጪ፤ በዕብራይስጡ ቁጥር 88 ነው፣ በእጅሽ ባለው መጽሐፍ ሁለቱም ቁጥር ተጽፎ ሊሆን ይችላል። «እግዚኦ አምላከ መድኃኒትየ» ብሎ የሚጀምረው ነው። መካከሉ ላይ ተያዝኩ፣ መውጫም የለኝ ይላል። ሌሎች የለቅሶ መዝሙሮች ብዙውን ጊዜ ወደ ምስጋና ዞረው ነው የሚያበቁት። ይሄኛው አይዞርም። የዕብራይስጡ የመጨረሻ ቃል «ጨለማ» ነው። በእኛ ዳዊት ደግሞ ወዳጄን፣ ባልንጀራዬን፣ ዘመዶቼን ከእኔ አራቅህ ብሎ ያልቃል። ምስጋና ሳይጨመርበት እንዲሁ ተትቷል። ዳዊት በሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ ስለሚደገም፣ ደጋሚ በሳምንት አንድ ቀን ይህን ይለዋል፤ ልጁ በተዳረ ሳምንትም ይለዋል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ጩኸት በቅዱስ መጽሐፍ መካከል አስቀምጣ በየሳምንቱ እየጸለየችበት፣ አንቺ በጓዳሽ «መውጫ የለኝም» ማለት እንዴት ክህደት ይሆንብሻል?

አንድ ሌላ የተለመደ ስሕተት አለ። «እግዚአብሔር ከአቅም በላይ አይሰጥም» ይሉሻል። 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥13 ነው። ጳውሎስ እዚያ የሚያወራው ስለ ጣዖት ስለ መፈተን ነው፤ ስለ ስትሮክ አይደለም። ደግሞም የሚናገረው ለማኅበር ነው፤ «ከሚቻላችሁ» ነው ያለው፣ «ከሚቻልሽ» አላለም። ያው ጳውሎስ በሁለተኛው መልእክቱ 1፥8 ላይ ስለ ራሱ ሲናገር ከዓቅማችን በላይ ከበደብን፣ ስለ ሕይወታችን እንኳ ተስፋ እስክንቆርጥ ድረስ ይላል። ስለዚህ «ከአቅሜ በላይ ሆነ» ስትዪ ከጳውሎስ ጋር ነሽ።

መውጫ ለሌለው ሰው ምን አለው ላልሽው፣ ግዕዙ መዝሙር 4 ላይ አንድ ደስ የሚል ቃል አለው፦ «ወእምንዳቤየ አርሐበ ሊተ»። ከመከራዬ አሰፋልኝ ማለት ነው። አሰፋልኝ! እኛም እኮ ሲከፋን «ጠበበኝ»፣ «ዓለም ጠበበችኝ» ነው የምንለው። አንዳንዱ ከአጥሩ ይወጣል። አንዳንዱ ደግሞ አጥሩ ውስጥ ይሰፋለታል። የአንቺ ጉዳይ የሚመስለኝ ሁለተኛው ነው፤ እናትሽን ትተሽ እንድትወጪ እኔም አልመክርሽም፣ አንቺም የምትፈልጊው አይመስለኝም።

እንዴት እንደሚሰፋ መጽሐፉ ሁለት ቦታ ላይ በደንብ አሳይቷል። ኤልያስ ሞት የለመነው ክትክታ ዛፍ ሥር ነው (1ኛ ነገሥት 19)። መልአክ መጣ። የመጣው ሊገስጸው አይደለም። ቀሰቀሰውና ብላ አለው፤ ራስጌው እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበር። በልቶ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው። ስብከት የለም፣ ጥያቄ የለም። ጥያቄው የመጣው ከበላ፣ ከተኛና 40 ቀን ከተጓዘ በኋላ ነው። አንቺ ሌሊት ስንት ጊዜ ነው የምትነሺው? እናትሽን አጉርሰሽ ስታበቂ ለራስሽ የሚቀርበው የቀዘቀዘ ነው፣ ቆመሽም ነው የምትበዪው። ይህን ሳልጠይቅሽ አውቀዋለሁ፤ እህቴ አባታችንን ስታስታምም እንዲህ ነበረች። እኔም በሩቅ ካሉት ልጆች አንዱ ነበርኩ። «እንዴት ናችሁ» ብዬ ስልክ የምዘጋው።

ሁለተኛው ሙሴ ነው፣ ዘኁልቁ 11። ሙሴ እኔ ነኝ ወይ የወለድኳቸው፣ እንደ ሞግዚት ታቅፌ ልሸከማቸው ወይ ብሎ ያማርራል። ብቻዬን አልችልም፣ እንዲህ ከሆነስ ግደለኝ ይላል። የተሰጠው መልስ ምን መሰለሽ? 70 ሽማግሌዎች ሰብስብልኝ ነው። ብቻህን እንዳትሸከም ከአንተ ጋር ይሸከማሉ ተባለ። ታገስ አልተባለም። አክሊልህ ይበዛልሃል አልተባለም። ሰው ተጨመረለት።

የዐቢይ ጾምን አራተኛ እሑድ መጻጉዕ የምንለው በ38 ዓመቱ በሽተኛ ነው። ጌታ ልትድን ትወዳለህን ሲለው መጀመሪያ የተናገረው ስለ ሕመሙ አልነበረም፤ ሰው የለኝም ነው ያለው። እናትሽ ሰው አላት። ሰው የሌለሽ አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፣ በአማራጭ አላቀርበውም። ሽማግሌ ሰብስቢ። ንስሐ አባትሽን፣ እናትሽ የነበረችበትን ማኅበር ወይም ሰንበቴ፣ ከእድሩ አንድ የሚሰማ ሰው ይዘሽ አራቱን ወንድሞችሽንና እህቶችሽን በአንድ ቀን አነጋግሪ። ቤት መምጣት ያልቻለ በስልክ ይግባ። አጀንዳው «እናታችን እንዴት ናት» አይሁን፤ «ማን፣ መቼ» ይሁን። ውጭ አገር ያለው የአስታማሚ ደመወዝ ይክፈል። አዲስ አበባ ያሉት በተራ እየመጡ ሳምንት ሳምንት ይቀመጡ፤ በዚያ ሳምንት አንቺ እዚያ ቤት አትደሪ። ከጎረቤት ደግሞ በሳምንት ግማሽ ቀን ጠይቂ። የመንዝ ሰው እህልና እንጨት ሲጠየቅ እሺ ይላል፣ ሰዓት ሲጠየቅ ይገረማል። ይገረም፤ ጠይቂው።

«እናትና አባትህን አክብር» የሚለው ትእዛዝ ያላገባች ሴት ልጅ ታስታምም አይልም። ሲራክ 3፥12 እና 13 አባትህን በእርጅናው እርዳ፣ አእምሮው ቢደክምም ታገሠው ሲል ልጅ ለሆነ ሁሉ ነው። በማርቆስ 7 ጌታ ፈሪሳውያንንና ጻፎችን የገሠጸው፣ ሰው ለወላጆቹ ሊሰጥ የሚገባውን «ቁርባን ነው» ብሎ እንዲያስቀርባቸው ስለሚፈቅዱ ነው። ለታቦት ጥላ ስለት አስገብቶ ለእናቱ ዳይፐር የማይገዛ ወንድም ካለሽ ይህን ምዕራፍ ንስሐ አባትሽ ያንብቡለት፤ አንቺ አታንብቢለት፣ ጠብ ይሆናል።

እንቢ የሚሉ ይኖራሉ። ከአራቱ ሁለቱ ቢመጡ ትልቅ ነገር ነው። ሸክሙም ቢካፈሉት አይጠፋም፤ ሙሴም 70ዎቹን ካገኘ በኋላ ሕዝቡ ሲያማርር ነው የኖረው።

ሁለት ማሳሰቢያ። ወደ ጸበል ስትሄዱ ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት እንዳታቋርጡባት፤ በተለይ የደም ግፊቱን። ካቋረጠች ስትሮኩ ሊደገምባት ይችላል። በ81ዱ መጻሕፍታችን ያለው ሲራክ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ጸበሉና ክኒኑ አይጣሉም። ሌላው ለሌሎች አንባቢዎች ነው። የምትደበደቢ ሚስት ከሆንሽ፣ ወይም ያጠረብሽ ሰው ከሆነ፣ እስካሁን ስለ መቻል የጻፍኩት ላንቺ አይደለም። ዳዊት ከሳኦል ጦር ሸሽቷል። ጳውሎስን ከደማስቆ ቅጥር በቅርጫት አውርደውታል። ቅርጫቱን የሚይዝልሽ ሰው ፈልጊ።

ለንባብሽ፣ ኢዮብን ለጊዜው ዝጊው። ስትመለሺ ከምዕራፍ 3 ወደ 38 እንድትሻገሪ ሰው አብሮሽ ያንብብ። እስከዚያ ማታ ማታ መዝሙር 87ን በይ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ። ሌላ ጸሎት ካልመጣልሽ እሱ ይበቃል። ሲደክምሽ መዝሙር 141 (በዕብራይስጡ 142) አጭር ነው፤ ዳዊት ዋሻ ውስጥ ሳለ ያለው ነው፣ ነፍሴን ከእስር ቤት አውጣት ይላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ስልኩ አለ። ወንድምሽ በዚህ ሳምንት ይደውላል። «እማዬ እንዴት ናት?» ይልሻል። 6 ዓመት ሙሉ «ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ስትዪው ኖረሻል፣ እሱም አምኖሽ ዘግቷል። በዚህ ሳምንት እንዲህ አትመልሺ። «እሷ እንዳለች ናት፣ እኔ ግን አልቻልኩም፣ መቼ ትመጣለህ?» በይውና ዝም በይ። ዝምታውን እሱ ይሙላው።